ስምንት ዘንግ በነፋስ ቀን

ዓሣ ማጥመድ ዕረፍት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አልከራከራቸውም። ድልድይ ሥር ወንበር ዘርግቶ፣ አንዲት ዘንግ ውኃ ላይ ጥሎ፣ ቆሎ እየቆረጠመ የሚውል ሰው እውነትም እያረፈ ነው፤ ዓሣ ባይዝ እንኳ ስልኩን ላለማንሳት በቂ ምክንያት አግኝቷል። እኔ የማወራው ስለ ሌላኛው ዓይነት ነው። በመጋቢት ወር፣ ዳላስ አጠገብ ባለው ሬይ ሀባርድ ሐይቅ ላይ፣ ከአንዲት የአሉሚኒየም ጀልባ አፍንጫ ስምንት ረጃጅም ዘንጎች ተዘርግተው፣ ነፋሱ ከደቡብ በሰዓት 15 ማይል እየነፈሰ፣ ሁለት ጎልማሶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ስምንት የዘንግ ጫፍ ላይ ሲያፈጥጡ የሚያይ ሰው ዕረፍት የሚለውን ቃል ቢያነሳ እኔ አላውቅም። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሠርቼ የማርፈው ቢሮ ውስጥ ነው።

የምኖረው ጋርላንድ ነው፤ እንጀራው፣ ቤተ ክርስቲያኑና የቡና ወዳጁ ሁሉ በአጭር መንገድ የሚገኝበት የዳላስ ጎረቤት ከተማ። ሐይቁ ከከተማዋ ምሥራቃዊ ጠርዝ ይጀምራል። ሐይቅ ስል ሐዋሳ ትዝ የሚለው አንባቢ ይኖራልና ልንገረው፦ ይኼኛው የዳላስ ከተማ ለመጠጥ ውኃ ብላ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የትሪኒቲ ወንዝን ምሥራቃዊ ገባር ገድባ የሠራችው ነው። ኢንተርስቴት 30 የተባለው አውራ ጎዳና በላዩ ያልፋል። ከታች እኛ ስንንሳፈፍ ከላይ ሰው በሰዓት 70 ማይል ይነዳል። እኛ የምንሄደው በሰዓት ግማሽ ማይል ነው። ስለ ፍጥነቱ እመለስበታለሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነውና።

ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም ከዚያ ውጪ ጠርቻቸው አላውቅም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረዋል። የስምንት ዘንጉን ትምህርትም ያመጡት ከመንገድ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ከኢንተርስቴት 55 ብዙም ሳይርቅ ግሬናዳ የሚባል፣ በትልልቅ ክራፒ ዓሣዎቹ የታወቀ ሐይቅ አለ። ጭነት እስኪያራግፉላቸው ሲጠብቁ ወደ ውኃው ወርደው አንድ ሰውዬ ጀልባው ፊት ላይ ያን ሁሉ ዘንግ ዘርግቶ ያያሉ። «ዘንግ ሊሸጥ የወጣ ነጋዴ መስሎኝ ዋጋ ልጠይቀው ነበር» ይላሉ። ሰውዬው ዳር ሲደርስ ግን በበረዶ ሳጥኑ ውስጥ የነበረውን አሳያቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሼ በአንድ ዘንግ የሚያጠምድ ሰው ሲያዩ ያዝናሉ።

ዓሣዋን ላስተዋውቅ። ክራፒ ጎኗ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ብርማ ቆዳዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ናት። ነጭና ጥቁር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሏት፤ በቀለም ለመለየት የሚሞክር ይሳሳታል፤ የጀርባ ክንፏን እሾህ የሚቆጥር ግን አይሳሳትም፤ ነጯ አምስት ወይም ስድስት፣ ጥቁሯ ሰባት ወይም ስምንት አላት። ከንፈሯ በጣም ስስ ነው። መንጠቆውን በኃይል የመነጨቀ ሰው ከንፈሯን ቀዶ ባዶ ክር ይሰበስባል። ዓይኗ የተቀመጠው ወደ ላይ ለማየት ነው፤ ከበላይዋ የሚያልፈውን ትነሳና ትወስዳለች፤ ከበታችዋ ያለውን ግን፣ ምንም ያህል የሰባ ቢሆን፣ ዞር ብላ አታየውም። እዚህ ላይ የኔ ዘመዶች ክራፒን ኩሩ ሲሏት ሰምቻለሁ። እኔ እንደማየው ኩራት የለባትም፤ አንገት ስለሌላት ነው።

ሌላው ጠባይዋ ደግሞ ከመሬትም ከገጽም ርቃ መሀል ውኃ ላይ ተንጠልጥላ መዋሏ ነው። ውኃው 20 ጫማ ቢጠልቅ ጠዋት 8 ጫማ ላይ፣ ፀሐይ ሲጠነክር 12 ላይ፣ ደመና ሲመጣ ደግሞ ሌላ ቦታ ትገኛለች። ማጥመጃህ ከእሷ ሁለት ጫማ በታች ካለፈ ቀኑን ሙሉ ብትንሳፈፍ አንተና እሷ አትገናኙም። ስምንቱ ዘንግ የሚመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን 8 ጫማ ላይ፣ ሁለቱን 10፣ ሁለቱን 12፣ ሁለቱን 14 ጫማ ላይ ታወርዳለህ። የአንደኛው ጥልቀት ዘንጎች ደጋግመው ሲጎነበሱ ሌሎቹንም ወደዚያ ታመጣለህ። ባለቤቴ መጀመሪያ ጊዜ ስታይ «ለሁለት ሰው ስምንት? ይኼ ስስት ነው» ነበር ያለችው። ስስት አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ስምንት ጊዜ «የት ነሽ?» ብሎ መጠየቅ።

ሕግ ደግሞ አለ። የቴክሳስን የጨው አልባ ውኃ ዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ሳልገዛ ጋሼ ጀልባቸውን አላስረገጡኝም። ትልልቆቹ ሐይቆች ላይ የዘንግህን ቁጥር የሚጠይቅህ የለም፤ የክራፒው ቁጥር ግን በሰው በቀን 25 ነው፤ ከ10 ኢንች ያነሰችውም ወደ ውኃዋ ትመለሳለች። ይህን ሁሉ በስልክ ሚኒሶታ ላለው የአክስቴ ልጅ ስነግረው ዝም አለ። የሚኒሶታ ሕግ ለብዙ ዘመን በክፍት ውኃ ላይ ለአንድ ሰው አንድ ክር፣ በበረዶ ላይ ሁለት ሲል የኖረ ነው። «ስምንት ነው ያልከው?» አለኝ ቆይቶ። አራቱ የጋሼ ናቸው አልኩት። ያም ቢሆን አላጽናናውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጀልባው አፍንጫ ላይ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ይቆማል። ከፊታቸው ዘንግ መያዣዎች የተደረደሩበት ብረት አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አራት። ዘንጎቹ 12፣ 14፣ 16 ጫማ የሚደርሱ ቀጫጭኖች ናቸው፤ ከአፍንጫው ግራና ቀኝ ተበትነው ግማሽ ክብ ይሠራሉ። ከእያንዳንዱ ጫፍ ክሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ግማሽ አውንስ የሚመዝን እርሳስ፣ ከእርሳሱ ላይና ታች አንድ አንድ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ በከንፈሯ የተሰካች ትንሽ ሕያው ዓሣ ወይም ጂግ የሚሏት ባለ ጭራ ማታለያ። በእግር የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ከፊት ሆኖ ጀልባውን በቀስታ ይጎትተዋል። ማጥመጃው ከፊት፣ ጀልባው ከኋላ ስለሆነ ዓሣዋ ከጀልባው በፊት ምግቡን ታገኛለች። አሜሪካኖቹ ስፓይደር ሪጊንግ ይሉታል። በዚህ ስልት ከቴኔሲ የተነሡት ሮኒ ካፕስና ስቲቭ ኮልማን የአገር አቀፍ ሻምፒዮናዎችን ደጋግመው ወስደዋል። የእነሱ ትምህርት ቤት ሪልፉት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1811 እስከ 1812 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መሬቱ ሰምጦ የተፈጠረ ሐይቅ። ሰው ገድቦ ያልሠራውን ሐይቅ ስሰማ ትንሽ ቅናት ይሰማኛል።

ነፋስ በሌለበት ቀን ይህ ሁሉ እጅግ ያምራል። ስምንቱ ክሮች ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፣ ጫፎቹ ጸጥ ይላሉ፣ አንዷ ጎንበስ ስትል ቡናህን ታስቀምጥና ታነሳታለህ። እንዲህ ያለ ቀን እንዳለ ጋሼ በምስክር ይናገራሉ። ችግሩ ቴክሳስ ነው። ከነፋስ በሚመረት ኤሌክትሪክ ከአሜሪካ ግዛቶች አንደኛ ናት፤ «ያ ሁሉ ተርባይን ቆሞ ነፋሱን አልጨረሰውም» ይላሉ ጋሼ። ዳላስ ዙሪያ ያለው አገር ሜዳ ነው፤ የሚመልሰው ተራራ የለም። ጸደይ ሲገባ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ከሰሜን እየመጣ ሞቃቱን ይገፋዋል፤ እሱ እስኪደርስ ድረስ የደቡቡ ነፋስ ቀኑን ሙሉ ይነፍሳል፤ ከዚያ በድንገት አቅጣጫው ይዞርና ሹራብ ያላመጣ ሰው ይጸጸታል። ክራፒ እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር የምትወጣውም በዚሁ ወቅት ነው፤ ውኃው 60 ፋራናይት ሲያልፍ። ዓሣዋና ነፋሱ ተነጋግረው ነው የሚመጡት።

የማያጠምድ ሰው ነፋስ ሲባል ብርድ ነው የሚመስለው። ብርዱ ቀላሉ ነው። የነፋሱ ፍጥነት ከ10 ወደ 20 ማይል ሲያድግ ጀልባህን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። አነስተኛ የአሉሚኒየም ጀልባ ደግሞ ከፊቷ ቀላል ናት፤ ነፋሱ አፍንጫዋን ይይዝና ወደ ጎን ያዞራታል። ጀልባዋ ስትዞር በአንድ ወገን ያሉት አራት ክሮች ከሆዷ ሥር ይገባሉ፣ በሌላው ወገን ያሉት ይወጠራሉ። ሞተሩ ሞገድ ላይ ሲደርስ መቅዘፊያው ከውኃ ወጥቶ አየር ይመታል፤ ይጮኻል፤ ለዚያች ቅጽበት መሪ የለህም። እግርህ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ጀልባዋ ቆይታ ትታዘዛለች፣ በታዘዘችበት ሰዓት ነፋሱ ረግቷልና አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ትሮጣለች። ጀማሪ የሚያየው ዘንጎቹን ነው። ጋሼ የሚያዩት የጀልባዋን አፍንጫ ነው። «አንተ ልጅ፣ ዓሣውን ተወው፤ እሱ የትም አይሄድ። ጀልባዋን ያዝ» ይሉኛል። ሽበቴን እያዩ ልጅ የሚሉኝ ጀልባ ላይ ብቻ አይደለም፤ ጀልባ ላይ ግን ይገባኛል።

ወደ ፍጥነቱ እንመለስ። ግማሽ ማይል በሰዓት ስትሄድ እርሳሱ ክሩን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ 12 ጫማ ያወረድከው 12 ጫማ ላይ ነው። ነፋሱ ገፍቶህ አንድ ማይል ተኩል ከሄድክ ግን ክሩ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ማጥመጃው ይነሳል፣ አንተ 12 ነው እያልክ እሱ 9 ላይ ይሄዳል። ነፋሱ ፊት ለፊት ገጥሞህ ስትቆም ደግሞ ሁሉም ይሰጥማል፤ ዓሣዋ በማታይበት በኩል። ማለትም ነፋስ ትልቁ ጥፋቱ ማንገላታቱ አይደለም፤ ስምንት ጊዜ የጠየቅከውን ጥያቄ ያበላሽብሃል። ዓሣ ብትይዝ እንኳ በየትኛው ጥልቀት እንደያዝካት አታውቅም፤ ካላወቅህ ደግሞ ሁለተኛዋን አትይዛትም።

መድኃኒቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም ጋሼ ጋ አለ። እርሳሱን ከግማሽ አውንስ ወደ ሦስት ሩብ፣ ብሎም ወደ አንድ አውንስ ማሳደግ። የዘንጎቹን ጫፍ ወደ ውኃው ዝቅ ማድረግ፤ ምክንያቱም ሞገዱ ጀልባዋን አንድ ጫማ ቢያነሳት ከእሷ 14 ጫማ ርቆ የተዘረጋው ጫፍ ከዚያ በላይ ይነሳል፤ ታች ያለችው ትንሽ ዓሣም እስክስታ ትወርዳለች፤ ክራፒ ደግሞ እስክስታ አትወድም። ከዚያ አቅጣጫ። ነፋሱን ፊት ለፊት መግጠም ሞተሩ ጉልበት ካለው ይቻላል፤ ግን ባትሪ ይበላል። ጋሼ የሚመርጡት ከነፋሱ ጋር መሄድን ነው፦ ከጀልባዋ ኋላ ድሪፍት ሶክ የሚሉትን ከሸራ የተሰፋ ሰፊ ከረጢት ይጥላሉ። ከረጢቱ ውኃ ይሞላና ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ነፋሱ ወደፊት ይገፋል፤ በሁለቱ መሀል ጀልባዋ ቀጥ ብላ በዝግታ ትሄዳለች። ሞተሩ የቀረው ሥራ አፍንጫዋን ማስተካከል ብቻ ነው። ከረጢቱ ካልበቃ ሰንሰለት ይጨመራል። ጉቶ በሌለበት ወለል ላይ የሚጎተት ሰንሰለት ግሩም ፍሬን ነው፤ ጉቶ ካለ ግን ፍሬንነቱ ያለመጠን ይጠነክራል። ሰንሰለቱን ያገኘነው ከእኛ ጓሮ በር ላይ ነው። ጋሼ አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩት፣ በእጃቸው መዘኑት፣ «ይኼ እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ። በር ይዘጋል ማለት ከባድ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ግን ከመጽሐፍም ከማንም አታገኙትም፤ ቁጭ ብሎ ማየት ይጠይቃል። በነፋስ ቀን ስምንቱም ጫፎች ይሰግዳሉ። ሞገድ ሲመጣ ከግራ ጀምረው ተራ በተራ ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣ ቀና ይላሉ። ጀማሪ የጎነበሰችዋን ሁሉ ሊያነሳ ይነሳል፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ይደክመዋል። መፈለግ ያለባት ከሌሎቹ ጋር የማትሰግደዋ ናት። ሁሉም ቀና ሲሉ አንዷ ሩብ ሰከንድ ያህል ዘግይታ ቀና ትላለች፤ ያኔ ዓሣ አለ። ከዚህም የሚረቀው ሌላ አለ፦ ክራፒ ከታች ተነሥታ ምግቡን ይዛ ወደ ላይ ስትቀጥል የእርሳሱን ክብደት ተሸክማዋለች ማለት ነው፤ ክሩ ይላላል፣ የዘንጉ ጫፍ ከጎረቤቶቹ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀራል። ምንም አልጎተተም፣ ምንም አልተንቀጠቀጠም። ከፍ ብሎ ብቻ ቀረ። ጋሼ ይህን ሲያዩ አይናገሩም፤ ክርናቸው ጎኔን ይነካኛል። ዘንጉን በእርጋታ ቀጥ አድርጌ አነሳለሁ፤ ከንፈሯን አስቡ፤ እሳቸው ረጅም እጀታ ያለውን መረብ ከሥሯ ያስገባሉ። ይህች ቅጽበት ከጠቅላላ ቅዳሜዬ ትልቋ ናት፤ ለምን እንደሆነ ለባለቤቴ ላስረዳት ሞክሬ ትቼዋለሁ።

መከራው የሚመጣው ክራፒ ብቻዋን ስለማትሄድ ነው። መንጋው ላይ ስትደርስ ሁለተኛዋ ዘንግ፣ ሦስተኛዋም ይጎነበሳሉ። አሁን እኔ አንዷን ይዣለሁ፣ ጋሼ አንዷን ይዘዋል፣ መረቡ አንድ ነው፣ እግሬ ከፔዳሉ ላይ ተነሥቷል፣ ነፋሱም ይህን ሰዓት ሲጠብቅ የዋለ ነው። ጀልባዋ ትዞራለች። ሦስተኛዋ ዓሣ በአራተኛውና በአምስተኛው ክር ዙሪያ አንድ ጊዜ ትሽከረከራለች፤ ነፋሱና እሷ ተባብረው ከስድስት ክር ሹሩባ ይሠራሉ፤ ያውም የአክሱም ሴቶች የሚያደንቁት፣ ጥቅጥቅ ያለ። እኔ ክሮቹን ለመፍታት ቁጭ ስል ጋሼ ከአንገታቸው ያንጠለጠሏትን የጥፍር መቁረጫ ያወጣሉ። ቁርጥ፣ ቁርጥ፣ ቁርጥ። «ክር ርካሽ ነው፤ ሰዓት ነው ውድ» ይላሉ፤ አዲስ መንጠቆ ማሰር ይጀምራሉ። ዓሣዋ እንዳለች መረብ ውስጥ ገብታለች፤ ሹሩባዋ ግን አብሯት ገብቷል። በዚያ መነቅነቅ ውስጥ አፏን ዘግተው፣ ጭራዋን ጨመቅ አድርገው ይለኳታል። 9 ኢንች ከሦስት ሩብ። ይለኳታል ድጋሚ። ያችው ናት። ትመለሳለች።

በነፋስ ቀን ዘንግ መቀነስ አለበት ብዬ አምናለሁ። ነፋሱ 12 ማይል ሲያልፍ አራት ዘንግ ከስምንት ይበልጣል፤ አራት በደንብ የተያዙ ጥያቄዎች ስምንት ከተወሳሰቡት ይሻላሉ፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። ጋሼ ሒሳቡን ይሰማሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ስምንቱንም ይሰካሉ። ዘንግ መቀነስ ለነፋሱ እጅ መስጠት ይመስላቸዋል። በአንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቁም፦ የሞገዱ አናት ሐይቁን ሙሉ መንጣት ሲጀምር ተንሳፋፊ ሰደርያ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ዘንጎቹ ይሰበሰባሉ፣ ነፋሱ ወደማይደርስበት ዳር እንሄዳለን። ያን ጊዜ ስንት ዓሣ እየያዝን እንደነበር መጥቀስ ክልክል ነው።

በዚህ ዘመን የጋሼን ስልት የሚንቁ ወጣቶች አሉ። ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2018 ላይቭስኮፕ የሚባል መሣሪያ ካወጣ ወዲህ ዓሣው በውኃ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በስክሪን ላይ ይታያል። ወጣቱ ጀልባው ፊት ላይ ይቆማል፣ አንድ ረጅም ዘንግ ይይዛል፣ ስክሪኑን እያየ ማጥመጃውን አናቷ ላይ ያወርድላታል። ጸጥ ባለ ቀን እኛ አንድ እስክንይዝ አምስት ይዞ ይሄዳል። ጋሼ ይህን «ፈተና ላይ መልሱን ይዞ መግባት» ይሉታል። ነፋሱ ሲነሳ ግን ቆሞ በአንድ እጁ ዘንግ፣ በአንድ ዓይኑ ስክሪን የያዘው ልጅ ይንገዳገዳል፤ ያያትን ዓሣ ጀልባው ወስዶ ያሳልፈዋል፤ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ወደቡ ሲመለስ በአጠገባችን ያልፋል። ጋሼ እጃቸውን አንሥተው በጣም በትሕትና ሰላም ይሉታል። ያቺ ሰላምታ ናት ለእኔ የነፋስ ቀን ጥቅም።

ስለ መብሉ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የክራፒ ወቅት የሚገጥመው ዐቢይ ጾም ላይ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንኳን ጋርላንድ፣ አገር ቤትም ዛሬ ድረስ አላለቀም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ስንቆም ጋሼን ይከቧቸዋል። አንዱ ደም ያለው ሁሉ አይበላም ይላል፤ ሌላው አያቴ ዝዋይ ዳር ሁዳዴን ሙሉ በቆሮሶ ነው የጾሙት ይላል፤ ጋሼ ዝም ይላሉ። ከሁሉ አጥብቆ አይበላም ሲል የነበረው ሰው ሲለያዩ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ትላንት ስንት ያዛችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ቤት ሕግ ቀላል ነው፦ ባለቤቴ እስከ ፋሲካ አትነካትም፤ ማቀዝቀዣው ግን ለፋሲካ ይዘጋጃል፤ በዓሉ ሲደርስ ከዶሮው ጎን ጨው ብቻ ነክቶት በደንብ የተጠበሰ ክራፒ ከአዋዜ ጋር ይቀርባል። ሥጋዋ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሽታ የሌለው ነው። ዓሣ አልወድም የሚሉ እንግዶች ሁለት ሦስት ከበሉ በኋላ አልወድም ማለታቸውን ይቀጥላሉ።

ከዳላስ በስተምሥራቅ ሌክ ፎርክ በሚባለው ሐይቅ ደግሞ የሚገርም ሕግ ለዓመታት ኖሯል፦ ከዲሴምበር 1 ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ የያዝከውን ክራፒ ትንሽም ትሁን ትልቅ መመለስ አትችልም፤ ቁጥርህ እስኪሞላ ሁሉንም ትወስዳለህ። ምክንያቱ ደግ ነው፤ በብርዱ ወቅት በጣም ጥልቅ ውኃ ውስጥ ስለምትውል ወደ ላይ ስትወጣ ትጎዳለች፤ ብትመልሳትም አትተርፍም። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ሕጉ አብዛኛውን ጾመ ነቢያት ይይዛል። መንግሥት ዓሣ ውሰድ ብሎ የሚያስገድድበት፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ስለ ዓሣ የምትከራከርበት ወር ነው። ጋሼ በዚያ ወቅት ሌክ ፎርክ አይሄዱም፤ «በሁለት ሕግ መሀል መግባት አልፈልግም» ይላሉ።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ደወሉልኝ።

«ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት፤ አትዘግይ።»

«ጋሼ፣ ትንበያውን አይተውታል? 17 ማይል ይላል። ሲያይል 28።»

«አይቼዋለሁ። የሚብሰው ከሰዓት በኋላ ነው።»

«እንግዲያው በአራት ዘንግ እንሂድ።»

ዝም አሉ። ቴሌቪዥናቸው ከኋላ ይሰማል።

«ስድስት» አሉ።

«አምስት።»

«አምስት ጎዶሎ ነው፣ ጀልባዋ ታጋድላለች። ስድስት። ሰንሰለቱንም አትርሳ።»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ድምፁ ተከፍቶ ነበር። ባለቤቴ ከማጀት ብቅ አለች። «ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? የጓሮውን በር ሦስት ቅዳሜ በገመድ አስሬ ነው ያደርኩት። ዘንጎቹን ሁሉ ይውሰዱ፤ ሰንሰለቱ ግን ቅዳሜ ማታ በሩ ላይ ይደር።»

«እሺ ልጄ፣ ይደርልሻል» አሉ ጋሼ በታላቅ ትሕትና። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሷ የማትሰማ መስሏቸው፣ «አንተ ልጅ፣ የቀኝ ጎረቤትህ በር ላይ ከዚህ የሚወፍር አይቻለሁ። ሰውዬው ዓሣ ይወዳል?»